ገልብጠሽ ያላየሽው ቀሚስ

ሰፊዋ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ የጉርዱን ወገብ በምላጭ እየፈታች ሳለ በሩ ተበረገደ። ማንኳኳት የለ፣ «ቤቶች» ማለት የለ። የገባችው ጎረቤቷ መምህሯ ናት፤ አሥር ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ሌላ ድምፅ ያልተሰማባት፣ ድመትን እንኳ «ሂጂ» ለማለት የምታፍር ሴት። ዛሬ ግን ዓይኗ ደም መስሏል። ከፌስታሏ አረንጓዴ ቀሚስ መዥርጣ አወጣችና ስፌት መኪናው ላይ ወረወረችው።

«ይኸው! የልጅዎ ብረት!»

ሰፊዋ መጀመሪያ ያደረገችው ጉርዱን ከጉልበቷ አንሸራታ ከመኪናው ሥር መደበቅ ነው። ከዚያ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። ስፒል የጎረሰ ሰው መልስ አይሰጥም።

«የምን ብረት?»

«‹ይህ ስፌት ብረት ነው› አላለችም? በሁለት እጇ እየጎተተች አላሳየችንም? እኔም ሞኟ አምኜ ገዛሁ። ዛሬ የወላጆች ስብሰባ ነበረን። ሰሌዳው ላይ ልጽፍ እጄን ከፍ ሳደርግ...» መምህሯ እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። «ከብብቴ እስከ ወገቤ! በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት! አንዱ አባት ሳቁን በኮፍያው ሸፈነ። ነገ ልጁ ክፍል ውስጥ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ አስበዋል?»

«የማን ልጅ ነው እሱ ደግሞ?»

«እትዬ፣ ነገሩን አያጥፉብኝ!»

ሰፊዋ ፊደል አልቆጠረችም። ፈርሚ ሲሏት አውራ ጣቷን ቀለም ትነክራለች፤ በዚህም አታፍርም፣ «የኔ አውራ ጣት ከስንቱ ፊርማ የበለጠ ሠርቷል» ትላለች። ስፌት ግን ታነባለች። ቀሚሱን ገለበጠችው። ረጅም ረጅም የሚራመድ ነጠላ ስፌት፣ ልክ እንደሚሸሽ ሌባ እርምጃ። ጠርዙ አልተዘመዘመም። ለስፌት የተተወው ጨርቅ ከጥፍር አይሰፋም። ክሩን በሁለት ጣቷ ሳብ ብታደርገው እንደ ሸረሪት ድር ብጥስ አለ።

ይህን ስፌት ታውቀዋለች። ከሦስት ሳምንት በፊት በገዛ እጇ ከላይ እስከ ታች ፈትታ ጥላዋለች።

ደሟ ፈላ። መጀመሪያ ቀሚሱን በሸጠው ባለቡቲክ ፈላ፤ ይህን ጨርቅ ብሎ ለሰው ልጅ በሚያለብስ። ቀጥሎ ሳቁን በኮፍያ በሸፈነው አባት ፈላ። ወደ ራሷ ሲመጣ ግን መንገዱን ዘጋችበት። ሰፊዋ በራሷ መናደድ አለመደችም፤ ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚናደዱበት ሌላ ሰው ጠፍቶባት አያውቅም።

«ልጄ አትዋሽም» አለች።

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

ሰፊዋ ቀሚሱን ማጣጠፍ ጀመረች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ውስጥ የገባውን ዝንብ ግን ማን ያወጣዋል?

ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ማተሚያ ቤት ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ስልኳን በእንጨት ማቆሚያ ላይ አቁማ ልብስ እየለበሰች ለሰው ታሳያለች። ገጿን «የሰፊዋ ልጅ» ብላ ነው የሰየመችው። መጀመሪያ በራሷ ገንዘብ እየገዛች ነበር፤ ኋላ ተመልካቹ ሲበዛ ባለሱቆቹ በነጻ ይልኩላት ጀመር። ልጅቷም ሁልጊዜ ቪዲዮዋን ስትጀምር ልብሱን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ «ልብሱ ስጦታ ነው፤ ምላሴ ግን የራሴ ነው» ትላለች። ደግሞም እውነቷን ነው። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ይለቃል ትላለች። አንገቱ የሚያንቅ ከሆነ ያንቃል ትላለች። አንድ ባለሱቅ «ይህን ብቻ ዝለዪልኝ» ብሏት ሙሉ ሻንጣ ልብስ መልሳበታለች። ሰው የወደዳት ለዚህ ነው። ሰፊዋም ገበያ ስትወጣ የማታውቃቸው ሴቶች «የሰፊዋ ልጅ እናት!» እያሉ ሲስሟት፣ «ልጅቷ የሰፊዋ ልጅ፣ እኔ ደግሞ የልጅቷ እናት! ታዲያ ሰፊዋ ማናት?» እያለች በኩራት ታጉረመርማለች።

አንዴ ገና ሲጀመር፣ የተላከ ሸሚዝ አንገቱ ተጣሞ ብታይ አቃናችው። ልጅቷ ቤቱን ቀወጠችው። «እማዬ፣ እንደመጣ ነው የማሳየው! ሰው የሚገዛው እንደመጣ ነው!» ሰፊዋ «እሺ» አለች። እሺ ማለት ምን ይገዳል? ከዚያ በኋላ ግን የላኩት ልብስ ቤት የሚደርሰው ልጅቷ ሥራ ላይ እያለች ነው፤ ተቀባይዋ ደግሞ እናቷ። ፌስታሉን ትከፍታለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ስፌቱን ታያለች። የሰፊዋ ልጅ ተብላ በዚህ ስፌት አደባባይ ትውጣ? በቁሜ? ትልና ምላጯን ታነሳለች። ልጅቷ ስትመጣ ልብሱ እንደመጣ ተጣጥፎ ፌስታሉ ውስጥ ይጠብቃታል።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የተኖረው።

*

ልጅቷ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ገባች። መምህሯን ስታይ ወደ ቀሚሱ ዞረች፤ ከቀሚሱ ተመልሳ ወደ መምህሯ።

«እርስዎም?» አለች።

«እኔም ማለት?»

«ከጠዋት ጀምሮ አሥራ ሰባት ሴት ጻፈችልኝ። ሁሉም አረንጓዴው ነው። ሁሉም ብብቱ ላይ ነው።»

«ምን ይላሉ?» አለች ሰፊዋ።

«ላንብብልሽ? ‹ለአንድ ቀሚስ አፍሽን ሸጥሽ።› ‹የሰፊዋ ልጅ ሳትሆን የባለቡቲኩ ልጅ።› ይህችኛዋ ደግሞ አንቺንም አልማረችሽም፤ ‹እናቷም ሰፊ ከሆነች የእናቷ መርፌ ይሰበር› ትላለች።»

«መርፌዋ ይሰበር? የማን አባቷ...»

«እማዬ!» ልጅቷ ወደ መምህሯ ዞረች። «እኔ አልዋሸሁም። ከፈለጉ እምላለሁ። የኔን ላምጣልዎት።» ወደ መኝታ ክፍሉ ሮጣ የራሷን አረንጓዴ ቀሚስ ይዛ ተመለሰች። «ይኸው! ሦስት ሳምንት ለብሼዋለሁ። አራት ጊዜ አጥቤዋለሁ። በዚህ ቀሚስ አውቶቡስ ተጋፍቻለሁ። ይጎትቱት!»

መምህሯ ጎተተች። ስፌቱ ወይ ፍንክች! ደግማ በኃይል ጎተተች። ጨርቁ ተለጠጠ እንጂ ስፌቱ አልተነቃነቀም። መምህሯ ጎኑ ላይ የተሰፋውን እያየች ፊቷ ተለዋወጠ፤ ንዴቱ ከላይዋ ወረደና በቦታው ሌላ ነገር ተቀመጠ።

«ታዲያ... የኔ ሰውነት ነው ማለት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«እንደሱ አላልኩም!» አለች ልጅቷ። «አንድ ነገር ተሳስቷል። ባለቡቲኩን ደውዬ አናግሬዋለሁ፤ ቀሚስሽን ይዘሽ ነይ፣ ሴቶቹም ይምጡ፣ እዚሁ ይታያል ብሏል። ይነሱ እንሂድ።»

«እኔም እመጣለሁ» አለች ሰፊዋ።

መንገድ ላይ ልጅቷ ከፊት ከፊት ትሮጣለች፤ ንዴት ያለበት ሰው እግሩ መሬት አይነካም። ሰፊዋ ጉልበቷ እየጮኸባት ደረሰችባትና ክንዷን ያዘቻት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ...»

«አሁን አይሆንም እማዬ።»

«ስለ ቀሚሱ ነው።»

«ስለ ቀሚሱ እኮ ነው የምንሄደው! አንቺ ብቻ እዚያ ደርሰሽ እንዳትሳደቢብኝ፤ እኔ አስረዳዋለሁ። እውነቴን ይዣለሁ፣ ምን ያስፈራኛል?» ፌስታሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

ሰፊዋ ክንዷን ለቀቀች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። እዚያው ላይ፣ ከጫማ ጠራጊውና ከስልክ ጠጋኙ መሃል፣ በሁለት ቃል ያልቅ የነበረ ነገር ነው። ሁለቱን ቃል ውጣ ተራመደች።

*

ቡቲኩ መስታወት በመስታወት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት የሙሽራ ቤት ይመስላል። ስድስት ሴቶች ፌስታላቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ባለቡቲኩ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ የጠቀለለ ጎልማሳ ነው። ልጅቷን ሲያይ ጥርሱ ሁሉ ወጣ።

«እንኳን መጣሽ እህቴ! ቀሚሱን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። መጀመሪያ ግን እነዚህን ሴቶች ይቅርታ ትጠይቃለህ፤ ልብሱን ትመልስላቸዋለህ።»

«ቀስ በይ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።» ፌስታሉን ከእጇ ተቀበለና ቀሚሱን ወደ ሴቶቹ ዘርግቶ ያዘ። ሰፊዋ የገዛ እጇን ሥራ በሰው እጅ ላይ አየችው። «እመቤቶቼ፣ ይህ ቀሚስ ከዚያው መስቀያ፣ ከዚያው ጥቅል የወጣ ነው። እሷ ስንት ጊዜ ለበሰችው?»

«ብዙ ጊዜ» አለች ልጅቷ።

«ታጠበ?»

«አራት ጊዜ።»

«ተቀደደ?»

«አልተቀደደም፤ ግን...»

«አልተቀደደም!» ባለቡቲኩ ቀሚሱን በሁለት እጁ ወጠረው፤ እንደ ከበሮ ቆዳ። «ይኸው። ስፌቱ ብረት ነው። እህታችን አልዋሸችም፤ እኔም አልዋሸሁም። እንግዲህ ሳትቀየሙኝ... መጠን የሚባል ነገር አለ። መካከለኛው ውስጥ ትልቅ ሰውነት ማስገባት ቀሚሱን ማስጨነቅ ነው። ቀሚስም ይጨነቃል እኮ!» ሳቀ። ብቻውን ነበር የሳቀው።

«ይህን እንዳትል!» ልጅቷ ጮኸች። «ለዚህ አይደለም ያመጣሁት!»

«ታዲያ ለምን አመጣሽው? እውነቱ እንዲታይ አይደል? ታየ።»

ልጅቷ የያዘችው እውነት በገዛ እጇ ላይ ዞሮ ነከሳት።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ከሆስፒታል በቀጥታ የመጣች ነጭ ጋወን የለበሰች ነርስ፣ የጋወኗን ፊት በእጇ ሰብስባ ሆዷን ሸፈነች። ሌላዋ ፌስታሏን ጎንበስ ብላ ዘጋችው። መምህሯ ደግሞ፣ ያቺ ዛሬ ጠዋት በር በርግዳ የገባች ሴት፣ ድምፅዋ ወደ ድሮው ተመልሶ፦

«ምናልባት እጄን በጣም ከፍ አድርጌ ይሆናል» አለች። «ሰሌዳው ትንሽ ከፍ ይላል።»

ሰፊዋን የበላት ይሄ ነው። የባለቡቲኩ ጥርስ አይደለም፤ የልጇም ጩኸት አይደለም። አንዲት ሴት እጇን አንስታ በመጻፏ ይቅርታ ስትጠይቅ መስማት!

«ዝም በይ አንቺ!» አለች። ሁሉም ዘወር አሉ። «ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው እጅ ተነስቶ ነው። በእግርሽ ልትጽፊ ነበር? አንተ ደግሞ፣ ያንን ቀሚስ ወዲህ በል!»

«እናቴ፣ እርስዎ...»

«እናትህ ቤቷ ነው ያለችው፤ እሷም ይህን ብትሰማ ታፍርብሃለች። ወዲህ በል አልኩ!»

ቀሚሱን ነጠቀችው፤ ገለበጠችው፤ ጎኑን ወደ ሴቶቹ ዘረጋች።

«ኑ ቅረቡ። አትፍሩ፣ አይናከስም። ይህን ታያላችሁ? ድርብ ነው። አንዱ ስፌት ሲሄድ ሌላው ይከተለዋል። ጠርዙ ተዘምዝሟል። ብብቱ ሥር ደግሞ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ተጨምሯል፤ እጅ ሲነሳ እንዲላወስ። ይህን ጨርቅ ታውቁታላችሁ? አታውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ከአሮጌ ኮት ገበር ቆርጬ ያወጣሁት ነው። መጨረሻው ላይ ክሩ ሦስት ጊዜ ወደኋላ ተመልሷል። በዚህ ከተማ ክሩን ሦስት ጊዜ የሚመልስ ሞኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ።»

ቀሚሱን ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

«ቀሚሱን ፈትቼ እንደገና የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም። ይህ ሰውዬ የሰጣት ያንን ስፌት አይደለም፤ የሰጣት ይህን ነው!» ከመስቀያው አንድ አዲስ አረንጓዴ ቀሚስ ጎትታ አወረደች፣ ብብቱን በሁለት እጇ ያዘችና ሳብ አደረገችው። ኃይል እንኳ አላወጣችም። ትር ር ር ብሎ እስከ ወገቡ ወረደ።

«ይከፍሉታል!» አለ ባለቡቲኩ።

«እከፍልሃለሁ! ና ልክፈልህ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አንተ በሸረሪት ድር ሰፍተህ የሴት ሆድ ትወቅሳለህ? ይህችን ነርስ እያት፤ ሌሊቱን ሙሉ የሰው እናት ስታገላብጥ አድራ ነው የመጣችው። አንተ ፊት ሆዷን ትሸፍን? አንተ ማን ነህና?»

ነርሷ እጇን ከጋወኗ ላይ አነሳች። ከዚያ ሴቶቹ በአንድ ላይ አፍ አወጡ፤ አንዷ ፌስታሏን ጠረጴዛው ላይ ደፋች፣ ሌላዋ መስቀያውን እየዞረች ገልብጣ ማየት ጀመረች፣ «ይህም እንደዚያው ነው! ይህም!» እያለች። ባለቡቲኩ ወደ ኋላ ሸሸና ጀርባው ከመስታወቱ ሲላተም፣ እንደተያዘ አይጥ የቀረችውን አንዲት ቀዳዳ አየ።

«እንግዲያው የዋሸችው እሷ ናታ!» ጣቱን ወደ ልጅቷ ቀሰረ። «እኔ ስፌቱ ብረት ነው አላልኩም፤ ያለችው እሷ ናት! የተጠገነ ልብስ ለብሳ አዲስ ነው ብላ ያስገዛቻችሁ እሷ ናት!»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ግን ሴቶቹ ዘወር ብለው ልጅቷን አዩአት። ነርሷም አየቻት። መምህሯም።

ልጅቷ እነሱን አላየችም። የምታየው እናቷን ብቻ ነበር። ሰፊዋ ልጇን ታማ ስትቃዥ አይታታለች፣ ፈተና ወድቃ አይታታለች፣ እጮኛዋ ትቷት አይታታለች፤ ይህን ፊት ግን አታውቀውም። ከዚያ ልጅቷ በሩን ከፍታ ወጣች።

«እትዬ» አለች መምህሯ ከኋላ፣ የተቀደደ ቀሚሷን ይዛ። «ይህን... ይሰፉልኛል?»

«አልሰፋውም!» አለች ሰፊዋ ዘወር ሳትል። «ተቀዶ ይኑር። ሌላ እሰፋልሻለሁ፤ ሁለት እጅሽን አንስተሽ የምትጽፊበት።»

*

ቤት ስትደርስ ልጅቷ የስፌት መኪናው አጠገብ ቆማለች። አልተቀመጠችም።

«ስንቱን?» አለች።

«ምኑን ስንቱን?»

«ስንቱን ልብስ ነካሽው?»

ሰፊዋ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችው። «ሁሉንም። ከሰማያዊው ጃኬት በቀር። ጃኬቱን የሰፋው ሰው፣ ሰው ነው።»

«ሁሉንም!» ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ከልቅሶ የከፋ ነበር። «ሁለት ዓመት ‹ምላሴ የራሴ ነው› ስል ኖርኩ። ያመሰገንኩት ግን ያንቺን እጅ ነው። ምላሴ የራሴ አልነበረም እማዬ፤ ያንቺ ነበር! ሻንጣ ሙሉ የመለስኩት፣ ከስንቱ ጋር የተጣላሁት፣ ለምን ነበር? አንዲት ነገር ነበረችኝ። እውነት ትናገራለች መባል። እሷን ቀደድሽብኝ።»

«ቀደድኩ? እኔ? እኔ እድሜዬን የሰፋሁት...»

«እሱን ነው የምልሽ! መስፋትሽ ነው የቀደደኝ!»

«ታዲያ በዚያ ስፌት እርቃንሽን ብትቀሪ ይሻል ነበር?»

«አዎ ይሻል ነበር! ቢቀደድብኝ ስልኬ ፊት ብቻዬን ነበርኩ። ሳቄን ስቄ ‹አትግዙት› እል ነበር። መምህሯ ወላጆች ፊት አትቆምም ነበር። ነርሷ ሆዷን አትሸፍንም ነበር። አንቺ እኔን ስትሸፍኚ እነሱን ገፈፍሻቸው!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለሰፊዋ ለራሷ የተተረተ መሰላት፤ ያውም ከነብብቱ።

ተሸንፋ ግን አትቀርም፤ ተፈጥሮዋ አይደለም።

«እሺ፣ እኔ አጥፍቻለሁ» አለች። ቃሉ ጥርሷን ቧጦ ወጣ። «አሁን አንቺን ልጠይቅ። ከዚህ መኪና ሥር ነው ያደግሽው፤ ስትድሂ የጨርቅ ቁራጭ እየጎረስሽ። በገንዘብሽ ልብስ ስትገዢ መጀመሪያ የምታደርጊው ምንድን ነው?»

ልጅቷ ከመኪናው ጠርዝ ቁራጭ ክር አነሳች።

«ትገለብጪዋለሽ! ለአንድ ሸሚዝ ሦስት ሱቅ ነው የምታዞሪኝ፣ ይህ ስፌቱ ጎድሏል፣ ያ ክሩ ላልቷል እያልሽ። ሻጩን ታስለቅሺዋለሽ። እነዚህን ግን በሁለት ዓመት አንዱን ገልብጠሽ አየሽ? አንዱን! አንድ ጊዜ ገልብጠሽ ቢሆን እጄን ባየሽው ነበር። እጄን ደግሞ ከሩቅ ታውቂዋለሽ። ለምን አልገለበጥሽም?»

«እኔ...»

«በነጻ ስለመጣ ነዋ! ቀለሙን ተናገርሽ፣ አንገቱን ተናገርሽ፤ ከላይ የሚታየውን። የሰጠሽን ሰው ልብስ ገልብጦ ማየት ግን አሳፈረሽ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ምላስሽ ያንቺ ነበር፤ ይሁን። ዓይንሽን ግን ሰጥተሻቸው ነበር።»

ልጅቷ እንደተመታ ሰው ጠረጴዛውን ያዘች። ከዚያ መኝታ ክፍሏ ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መቀስ ከምስማሩ ወደቀ።

ሰፊዋ መቀሱን አነሳች። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ እግሯ ከመኪናው ሥር ለስላሳ ነገር ነካ፤ ጠዋት የደበቀችው ጉርድ ነው። ከሌላ ባለሱቅ የተላከ፣ ወገቡ ግማሽ ድረስ የተፈታ፣ ግማሹ ደግሞ እንደመጣ። አንስታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። አሁን እንደነበረው አድርጋ ብትመልሰው ማን ያውቃል? መጥፎ ስፌት መስፋት ያቅታታል? ረጅም ረጅም፣ ነጠላ፣ የሌባ እርምጃ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ልጅቷም ዛሬ የሰማችው ይበቃታል።

ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ እስክታስገባ ድረስ አሰበችው። ከዚያ ክሩን መልሳ አወጣች፣ ተነሳችና የልጇን በር በክርኗ ገፋችው።

«ይህም አለ» አለች፤ ጉርዱን አልጋው ላይ ጣለች። «ዛሬ ጠዋት የጀመርኩት።»

ልጅቷ ዓይኗ አብጦ ቀና አለች። ጉርዱን አየችው። ገለበጠችው። የተፈታውንና ያልተፈታውን በጣቷ ዳሰሰች፤ ለረጅም ጊዜ።

«ይህም መጥፎ ነው» አለች በመጨረሻ።

«የእህል ጆንያ እንኳ እንዲህ አይሰፋም።»

«ልትጨርሺው ነበር?»

«ነበር።»

«እንዳትነኪው።» ልጅቷ ተነሳች፣ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ስልኳንና የእንጨቱን ማቆሚያ አነሳች። ድምፅዋ አሁንም ቁጡ ነው፤ ይቅርታ የሚባል ነገር አጠገቡ አልደረሰም። «ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ። አረንጓዴውን ትፈቺዋለሽ፣ እኔ አነሳዋለሁ። እየፈታሽ ምን እንዳደረግሽ ትናገሪያለሽ። እኔ ደግሞ ለምን እንዳልገለበጥኩት እናገራለሁ።»

«የራሴን ስፌት ልፍታ? ያንን የመሰለ ስፌት?»

«ያንን የመሰለ ስፌት።»

ሰፊዋ ተቀመጠች። አረንጓዴው ቀሚስ መኪናው ላይ ተገልብጦ ተኝቷል፤ ድርብ ስፌቱ ቀጥ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ የተመለሰው ክር እንደ ማኅተም ጥጉ ላይ። ከዚህ የተሻለ ሠርታ አታውቅም ነበር፤ ማንም እንደማያየው እያወቀች የሠራችው ስለሆነ።

ልጅቷ ስልኩን አቁማ ወደ ታች አዘነበለችው። «እጅሽን ብቻ ነው የማነሳው» አለች። «ፊትሽ አይታይም፤ እንደማትወጂ አውቃለሁ። ‹አንዲት ሰፊ› እላለሁ።»

እውነቷን ነው። ስልክ ሲቀሰር ጨርቅ ራሷ ላይ ትከናነባለች፤ «የመታወቂያዬ ፎቶ ይበቃኛል» ትላለች። ሰፊዋ ምላጯን አንስታ ጥጉ ላይ አሳረፈች። ልትቆርጥ ስትል ቆመች።

«ቆይ።»

«አሁን ደግሞ ምን?»

የመኪናውን መብራት አንገት ያዘችና ከጨርቁ ላይ አንስታ ወደ ራሷ አዞረችው። ዓይኗ ተጨናበሰ። ሻሿን አላስተካከለችም።

«ስልኩን ቀና አድርጊው» አለች። «እጅ አያፍርም። የሚያፍር ፊት ነው።»

ልጅቷ ስልኩን ቀና አደረገችው። ሰፊዋ የስልኩ የመስታወት ዓይን ላይ ትክ ብላ አፈጠጠችና የመጀመሪያውን ክር በጠሰችው።